ቅጠሉ ከእንጨቱ ላይ ይሁን ወይስ ከጨርቁ?

ጥያቄ፦ የኮንዶሚኒየም ሳሎናችን 4 ሜትር በ3 ሜትር ተኩል ነው። ባለሦስት መቀመጫ ክላሲክ ሶፋ ላሠራ አስቤያለሁ። አናጺው እግሩና መደገፊያው ቅጠል ተቀርጾበት ወርቃማ ቀለም ቢቀባ፣ ልባሱም አበባ የበዛበት ቢሆን ያምራል ይለኛል፤ ባለቤቴ ግን ለቤታችን ይከብዳል ትላለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ባለቤትዎ እውነታቸውን ነው፤ ሆኖም የቅጠሉን ሐሳብ ጨርሶ መተው አያስፈልግዎትም። አናጺው ያሰቡት በፈረንሳዩ ንጉሥ በሉዊ 15ኛ ዘመን የተስፋፋውን፣ ዛጎል፣ አበባና ሐረግ የሚበዛበትን የሮኮኮ ስልት ነው። በዚያ ዘመን የክፍሉ ግድግዳ ራሱ ተመሳሳይ ቅርጽ ባለው እንጨት ይለበጥ ስለ ነበር ሶፋው ከዙሪያው ጋር ይዋሐዳል፤ በነጭ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ፊት ግን ብቻውን ይጮኻል።

ስለዚህ ጌጡ ወይ በእንጨቱ ወይ በጨርቁ ላይ ይሁን እንጂ በሁለቱም ላይ አይሁን። እኔ ብሆን እንጨቱን እመርጣለሁ፦ በመደገፊያው አናት መካከል አንድ የቅጠል ዘለላ ይቀረጽና ልባሱ ያለ ምንም ሥዕል አረንጓዴ ወይም የአፈር ቀለም ይሁን። በደንብ የደረቀ ዋንዛ ለመሮ የሚታዘዝና መልኩም ሞቅ ያለ በመሆኑ፣ በወርቃማ ቀለም መሸፈኑ ያሳዝናል። እግሩ ጎባጣ እንዲሆን ከፈለጉ ከታች የሚቀጥንበትን ቦታ ልብ ብለው ይመልከቱ፤ በእንጨቱ ላይ የሚታዩት መስመሮች እዚያ ላይ አግድም ከመጡ ክብደት ሲያርፍበት ሊሰነጠቅ ይችላል።

ጨርቁን ከመረጡ ደግሞ እንግሊዛዊው ዊልያም ሞሪስ በ1883 እ.ኤ.አ. ያወጣውን፣ በአትክልት ቦታው እንጆሪ ከሚሰርቁት ወፎች የቀዳውን ሰማያዊ መደብ ያለው የጥጥ ጨርቅ ንድፍ ቢመለከቱ አይቆጭዎትም። በእንዲህ ያለ ጊዜ እግሩ ቀጥ ያለና ቅርጽ የሌለው ይሁን። ሥዕሉ ትልቅ የሆነ ጨርቅ ከመቀመጫ ወደ መደገፊያ ሲያልፍ መገጣጠም ስላለበት ከተለመደው በላይ ሜትር ይፈጃል፤ ይህን ሳያስብ የቸኮለ ልብስ ሰፊ ወፏን ከአንገቷ ላይ ይቆርጣታል።

የትኛውንም ቢመርጡ፣ ቀሪውን ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ፍሬሙን ሳይቀባና ሳይለበስ እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ፤ ከተቀባ በኋላ ዋንዛ ይሁን ባሕር ዛፍ መለየት ያዳግታል።