ሞተሩ ይሠራል፣ ውሃው ግን አይመጣም

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ቦርከና ወንዝ ዳር የተከልከው ባለ 3 ኢንች የውሃ ሞተር ታኅሣሥ ላይ ደህና ይስብ ነበር፤ አሁን እየተነሳ ውሃ አልመጣ አለህ። ኢምፔለር (ፓምፑ ውስጥ እየዞረ ውሃውን የሚገፋውን ክንፍ) ሁለቴ ቀይረሃል፣ ሦስተኛ ልግዛ ወይ ነው ያልከው። አብሽር፣ አትግዛ። እኔም እዚሁ ኮምቦልቻ ሽንኩርት ሳለማ ይኸው ነው የገጠመኝ።

መጀመሪያ ቁመቱን ለካ። ገመድ ጫፍ ላይ ድንጋይ እሰርና ከፓምፑ እስከ ውሃው ድረስ ልቀቀው። በጋው ሲገፋ ወንዙ ወርዷል፤ ሞተርህ ግን ታኅሣሥ ላይ ካስቀመጥክበት አልተነሳም።

ፓምፕ ይስባል እንላለን እንጂ ውሃውን በቱቦው ሽቅብ የሚገፋው የውጭው አየር ክብደት ነው። ባሕር ጠለል ላይ ይህ አየር ቢበዛ 10 ሜትር ከምናምን ያነሳል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ይሳሳል፤ 2 ሜትር ያህል ይቀነስብሃል። ካርቶኑ ላይ «8 ሜትር ይስባል» ካለ እዚህ 6 በለው። ቱቦው ራሱ የሚበላው አለ። እኔ ከ5 ሜትር በላይ አላምነውም። ከፍ ያለችው ደሴ ላይማ ይብሳል።

የኔ ስለካው 6 ሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ዳሩን ቆፍሬ እርከን አበጀሁና ሞተሩን ወደ ውሃው አወረድኩት። ወደ ላይ መግፋት ለፓምፑ አይከብደውም፤ 20 ሜትርም ይገፋልሃል። የሚቸግረው መሳቡ ነው። ካወረድከው ግን ማታ ማታ አውጣው። እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ከላይ ደሴ ከዘነበ ቦርከና ድንገት ይሞላል።

ቁመቱ ደህና ከሆነ አየር እየሳበ ነው ማለት ነው። መሳቢያው በኩል ያለ ቀዳዳ ውሃ አያንጠባጥብም፣ አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ ስለዚህ በዓይን አታገኘውም። እኔ ሞተሩ እየሠራ የወንዙን ጭቃ አንስቼ በየመጋጠሚያው ለጠፍኩ። ሁለተኛው ፋሸታ (ቱቦውን አጥብቆ የሚይዘው የብረት ቀለበት) ላይ ስደርስ ጭቃው ስርጉድ ብሎ ገባ፤ ወዲያው የመግፊያው ቱቦ ተነፋና ውሃው ፈሰሰ። ደስታዬን አልረሳውም። በኋላ ከመነዳሪ ቆርጬ ጠቀለልኩበት፣ ፋሸታውን ደርቤ አጠበቅኩት። እስካሁን አለ። ቱቦውም ከውሃው እስከ ፓምፑ እየወጣ ብቻ ይሂድ፤ መሐሉ ላይ ጉብታ ከሠራ አየር እዚያ ይታቆራል።

የመሳቢያው ቱቦ ጫፍ ላይ ያለው ወንፊት የወንዙን ወለል አይንካ፣ አሸዋ ይጠጣል። ወደ ውሃው ገጽም አይቅረብ፤ ውሃው ጠልቆ ካልሸፈነው እየተሽከረከረ አየር ይዞ ይገባል። ሞተሩን አጥፍተህ ፓምፑ ውስጥ የሞላኸው ውሃ ቶሎ ከወረደ ደግሞ ፉት ቫልቩን (ቱቦው ጫፍ ላይ ውሃው እንዳይመለስ የሚይዘውን) ፍታና እጠበው። ብዙ ጊዜ ቅጠል ነው የሚይዘው።

አደራ የምልህ ፓምፑን ውሃ ሳትሞላ ደረቁን አታስነሳው። ሲሉን (ውሃ በፓምፑ ዘንግ በኩል እንዳይወጣ የሚዘጋውን) የሚያቀዘቅዘው ራሱ ውሃው ነው። እኔ አንድ ቀን ሳልሞላ አስነስቼው ጋለ፤ ደንግጬ በጋለው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ጨመርኩበት። የሲሉ ሴራሚክ ተሰነጠቀ። ሽንኩርቱ ራስ በሚይዝበት ሰዓት ሦስት ቀን ውሃ ተጠማብኝ። ከጋለብህ አጥፋው፣ እስኪበርድ ጠብቅ፣ ከዚያ ሙላ።

ዘይቱን በየ100 ሰዓቱ ቀይር፤ አዲስ ከሆነ የመጀመሪያውን 20 ሰዓት ላይ።

እርከኑን ስትቆፍር ሰፋ አድርገው፣ ነፋስ ይግባበት። ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ግን ቤንዚን ሞተር በፍጹም አታውርድ። ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ አለው፤ ሞተሩን ላጥፋ ብሎ የወረደ ሰው ሳይወጣ ይቀራል።

ለክተህ ስንት ሜትር እንደሆነ ጻፍልን። የመሳቢያ ቱቦውን አዘረጋግ ፎቶም ላክ።