ናይለን ያጠናች ልጅ የት ትቀጠራለች?

ጥያቄሽን በአጭሩ ላስቀምጠው። የኬሚካል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነሽ። የመመረቂያ ጥናትሽ ናይለንን ሳያቀልጡ፣ በጠጣርነቱ እንዳለ የሞለኪውል ሰንሰለቱን ማርዘም ነው። ጓደኞችሽ «ናይለን የሚያመርት ፋብሪካ በአገራችን የት አለና ማን ይቀጥርሻል?» ብለው አስደነገጡሽ። ርዕሱን ወደ ሳሙና ልቀይረው ወይ ትያለሽ።

አትቀይሪው። ጓደኞችሽ አልዋሹም፤ የፕላስቲክ ፋብሪካዎቻችን ጥሬ ዕቃውን በከረጢት ከውጭ ያስገባሉ። የሳቱት የሥራውን ስም ከዕቃው ስም ጋር ማምታታታቸው ላይ ነው።

ናይለን 66 የሚቀልጠው 260 ዲግሪ ሴልሺየስ ግድም ነው። አንቺ ከዚያ ዝቅ ብለሽ፣ በ200 አካባቢ ለሰዓታት ታቆዪዋለሽ። የሰንሰለቶቹ ጫፎች፣ አሚንና አሲድ የሚባሉት የአቶም ቡድኖች፣ ሲገጣጠሙ ውኃ ይለቃሉ። በላዩ የምታሳልፊው የናይትሮጅን ጋዝ ያንን ውኃ ጠርጎ ካላወጣው ሰንሰለቱ አይረዝምም። አየር ከገባ ፍሬው፣ ማለትም ትንንሹ የፕላስቲክ ቅንጣት፣ ቢጫ ይሆናል፤ ሙቀቱ ካለፈ ደግሞ ፍሬዎቹ ተጣብቀው አንድ ጉብታ ይሆናሉ። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በኋላ የኖቤል ተሸላሚ የሆነው ፖል ፍሎሪ በዚህ ዘዴ ላይ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1939 ነበር።

አሁን ጠረጴዛሽ ላይ ያለውን የውኃ ጠርሙስ ተመልከቺ። የተሠራበት ፒኢቲ የሚባለው ፕላስቲክም አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ መንገድ ያልፋል። ለጨርቅ ክር የሚበቃው ሰንሰለት ለጠርሙስ ያጥራልና፣ ፍሬው ሳይቀልጥ እንደገና ይሞቃል። ያገለገለ ጠርሙስ ተፈጭቶ ዳግም ጠርሙስ እንዲሆን ሲፈለግም ሰንሰለቱን የሚመልስለት ይኸው ሥራ ነው።

ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት በአንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ የጥራት ክፍል ውስጥ ነበርኩ። አንድ ክረምት ማድረቂያው ተበላሸና ፈረቃው እንዳይቆም ያልደረቀ ፍሬ ማሽኑ ውስጥ ገባ። ጠርሙሶቹ ለዓይን ምንም አልነበራቸውም። ውኃ ሞልተን ከወገብ ከፍታ ስንለቃቸው ግን ታቻቸው ተሰነጠቀ። ሦስት ቀን ሙሉ ማሽን ሲፈታ፣ ማሽን ሲገጠም ከረመ። እርጥበቱ በቅልጡ ውስጥ ሰንሰለቱን ቆራርጦት እንደሆነ የገባው ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር። ሰንሰለት የሚያረዝመው ያንቺ ኬሚካዊ ለውጥ ወደ ኋላ ሲሄድ ማለት ያ ነው። በዚያ ቀን እንዳንቺ ያለ ሰው ቢኖረን ኖሮ ከረጢቶቹ ሳይከፈቱ ጉዳዩ ባለቀ።

ስለ ሙከራሽም አንድ ነገር ልበል። ከናይለን ጨው፣ ማለትም ዲያሚንና አሲድ ከተባሉት የናይለን መነሻዎች ውህድ፣ ተነስተሽ ውጤትሽ በየጊዜው እንደሚለያይ ጽፈሻል። ዲያሚኑ በሙቀት እየተነነ ሲያመልጥ አሲዱ ብቻውን ስለሚተርፍ ሰንሰለቱ በአጭሩ ይቀራል። መምህርሽን አስፈቅጂና አስቀድሞ ከተሠራ፣ ሰንሰለቱ አጭር ከሆነ የናይለን ፍሬ ተነሺ። የጫፎቹን ቁጥር በቲትሬሽን (መጠኑ የታወቀ ፈሳሽ በጠብታ እየጨመሩ በመለካት)፣ የሰንሰለቱን ርዝመት በፎርሚክ አሲድ አሟሙተሽ የፈሳሽን ውፍረት በሚለካ የመስታወት ቪስኮሜትር ለኪ። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ጓንትና ጥሩ የአየር መውጫ ግን የግድ ነው። ልኬቱን ለላቦራቶሪ ሠራተኛ አትተዪው። ቀጣሪ ሲጠይቅሽ መልስ የሚሆንሽ እጅሽ የሠራው ነው፤ ሌላ ሰው የለካውን ቁጥር የሚያነብ ተመራቂ በሦስተኛው ጥያቄ ይታወቃል።

ማመልከቻሽ ላይ የጥናቱን ርዕስ ከላይ አታስቀምጪው፤ የሰው ኃይል ኃላፊው «ናይለን» የሚለውን ቃል አይቶ ወረቀቱን ያስቀምጠዋል። በምትኩ ፕላስቲክ ማድረቅ፣ እርጥበትና የሰንሰለት ርዝመት መለካት፣ በናይትሮጅን ሥር ሙቀት መቆጣጠር እችላለሁ ብለሽ ጻፊ። ጠርሙስ ወደሚነፉ፣ ያገለገለውን ፈጭተው ወደሚያዘጋጁና ወደ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካዎች የጥራት ክፍል አስገቢ። መጀመሪያ የሚሰጥሽ የሌሊት ፈረቃ ሊሆን ይችላል፤ ደመወዙም ላያስደስት ይችላል። ናይለኑን ራሱን ማምረት ካማረሽ ግን መንገዱ በውጭ አገር ሁለተኛ ዲግሪ በኩል ነው፤ ለዚያም ይኸው ጥናት ይጠቅምሻል።

እስከዚያው የምድጃሽን ሙቀት በሁለተኛ ቴርሞሜትር አረጋግጪው። የብዙ ተማሪዎች ምድጃ በመስኮቱ ላይ 200 እያሳየ ውስጡ ሌላ ነው።