ሁሉን ቻይ፣ ሁሉን የቻለ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ መምህር። አንድ የእንግሊዝኛ ሥዕላዊ ልቦለድ ለጓደኞቼ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ውስጡ ዶክተር ማንሃተን የሚባል ሰማያዊ ሰው አለ፤ ቁስን እንዳሻው ይበትናል፣ መልሶ ይሠራል፣ የወደፊቱንም ያያል። ‹ሁሉን ቻይ› ብዬ ጽፌ እናቴ ብታነበው ‹ሁሉን ቻይስ አንድ ነው› ብላ ተቆጣችኝ። ምን ልበለው? ደግሞስ ‹ነፃ ፈቃድ የለውም› ብል ያስኬዳል?»

መልስ፦ እናትዎ ተቆጡ እንጂ አልተሳሳቱም። «ሁሉን ቻይ» የግእዙ «ከሃሌ ኵሉ» አማርኛ ነው። በጸሎት ውስጥ ስለኖረ ብቻውን ቢቆም እንኳ ማንን እንደሚጠራ ይታወቃል። ለአብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ጀግኖች «ኃያል» ወይም «ልዕለ ኃያል» ይበቃል። ሱፐርማን እ.ኤ.አ. በ1938 ሲወለድ መብረር እንኳ አይችልም ነበር፤ ይዘል ነበር እንጂ። በኋላ ጉልበቱ ከልክ ሲያልፍ ደራሲዎቹ የሚያዳክመው ድንጋይ ፈለጉለት። ድንጋይ የሚጥለውን ሁሉን ቻይ ማለት ቃሉን ማባከን ነው።

የእርስዎ ሰማያዊ ሰው ግን ሌላ ጣጣ አለበት። አለን ሙርና ዴቭ ጊበንስ እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1987 ባወጡት «ዎችመን» ውስጥ ይህን ሰው የሚያዳክም ድንጋይ የለም። እኔ ብሆን ለእርሱ «ቻለ» የሚለውን ግስ አልለቀውም፤ አማርኛ በዚህ ግስ ሁለት ነገር ይላልና። «መኪና መንዳት ይችላል» ስንል አቅም ነው። ልቅሶ ቤት ገብተን «እንግዲህ ቻለው» ስንል ግን አቅም አንቆጥርም፤ መሸከምን ነው የምንለምነው። «ቻይ ናት» የምትባለውም ሴት ተራራ የምትገፋ አይደለችም፤ ሆድ ይፍጀው ብላ የምትኖር ናት።

አሁን መጽሐፉን ይክፈቱና የቬትናሙን ትዕይንት ይመልከቱ። ኮሜዲያን የሚባለው ባልደረባው ከእርሱ ያረገዘች ሴት ጠርሙስ ሰብራ ፊቱን ስትተለትለው ሽጉጥ አውጥቶ ይገድላታል። ዶክተር ማንሃተን አጠገባቸው ቆሟል። ከዚያ ገዳዩ ራሱ ዞሮ ይወቅሰዋል፦ ሽጉጡን እንፋሎት፣ ጥይቱን ሜርኩሪ ማድረግ ትችል ነበር፤ አላደረግህም። ይህን በአማርኛ በአንድ ቃል መጻፍ ይቻላል፦ ቻለው። እንግሊዝኛው ሁለት ግስ የሚያስፈልገውን እኛ በአንዱ ጨረስን። እንግዲህ ተራኪው «ሁሉን ቻይ» አይበለው፤ ገጸ ባሕርያቱ በምሬት ቢሉት ግን እናትዎም የሚከፉ አይመስለኝም።

«አይችልም» ሲደርስብዎ ይጠንቀቁ። «እዚህ ማጨስ አይቻልም» ስንል ክልከላ ነው፤ «ድንጋይ መብላት አይቻልም» ስንል ግን ጥርስ አይበቃም ማለታችን ነው። አንድ ጀግና «መግደል አልችልም» ቢል አንባቢ ክንዱ የዛለ ይመስለዋል። መሐላው ከሆነ የከለከለው «አልገድልም» ይበል። ክንዱ ካልዛለ መሐላም ካልከለከለው ደግሞ «አይሆንልኝም» አለልን፤ ይህን ቃል ሰዎች ለምን እንደሚረሱት አይገባኝም።

«ነፃ ፈቃድ»ን በተመለከተ፦ በሥነ መለኮትና በፍልስፍና መጻሕፍት የታወቀ ነው፤ ስሕተት የለበትም። ችግሩ ከዚያ ውጭ ያለው ኑሮው ነው። በግእዝ «ፈቀደ» ወደደ፣ ሻ ነው፤ በአማርኛ ግን ወደ መስኮትና ማኅተም ተሰዷል፦ የንግድ ፈቃድ፣ የመንጃ ፈቃድ፣ የዓመት ፈቃድ። «ነፃ»ውም «ያለ ክፍያ» የሚል ትርጉም አለው። እናም ሰማያዊው ሰው ነፃ ፈቃድ የለውም ሲባል የቢሮ ሠራተኛ አንባቢ ያዝንለታል፤ በሌላ ምክንያት። «ነፃ ምርጫ» ብለው ሊያመልጡ ቢሞክሩ ደግሞ የድምፅ መስጫ ሳጥን ይመጣል።

ስሙን ትተው ግሱን ይያዙ፦ «ወዶ አይደለም»፣ «ወዶ የሚያደርገው ነገር የለም»። ማርስ ላይ ለቀድሞ ፍቅረኛው ለሎሪ፣ ከአፍታ በኋላ የምትነግረው ነገር እንደሚያስደንቀው አስቀድሞ ይነግራታል፤ ስትነግረውም ይደነቃል። ካወቅህ እንዴት ትደነቃለህ ትለዋለች። ማወቁ ከመደነቅ አያድነውም፤ መደነቁም አስቀድሞ የተወሰነ ነው። እኛ ቤት «ወደው አይስቁ» ይባል የለ? ያ ነው።

አንድ ያልጠየቁኝን ልጨምር። ይህ ሰው ትናንትንም ነገንም እኩል ስለሚያይ አራተኛው ክፍል ላይ ሁሉንም እንደ አሁን ይተርካል። እርስዎ ምናልባት «እየሄድኩ ነው»፣ «እየሞተ ነው» እያሉ ገጹን ሞልተውት ይሆናል። ይተዉት። «ይሞታል» አሁንም ነው፣ ነገም ነው፤ ቅርጹ አይለይም። እንዲያውም ገና ጫማ እያሰርን «መጣሁ!» የምንል ሰዎች ነን፤ ያልሆነውን በኃላፊ ጊዜ መናገር ለእኛ ብርቅ አይደለም።

ሰውየውን ዶክተር ማንሃተን ያደረገው አደጋ የደረሰበትን ቦታ ይሞክሩት። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1959 ነው፤ ያኔ ገና ተራ ሰው የሆነው ወጣት የፊዚክስ ሊቅ የረሳውን የእጅ ሰዓት ሊያመጣ ወደ መሞከሪያው ክፍል ይገባል፤ በሩም በራሱ ይቆለፍበታል። እንዲህ ይጻፉት፦ «1959 ነው። ሰዓቱ በእጄ ነው። በሩ ይዘጋል።» እናትዎ አንብበው «ቆይ፣ ተዘጋ ወይስ ሊዘጋ ነው?» ካሉ ትርጉምዎ ሠርቷል።