«እሺ» ያልኩት ተስማምቼ አይደለም

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ሆኜ ለአንድ የጀርመን ድርጅት ሒሳብ መሥራት ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሰሞኑን አለቃዬ «በቀኑ አደርሳለሁ ብለሽ ቃልሽን አጠፍሽ» ስትል በጽሑፍ ወቀሰችኝ። እኔ ግን በቪዲዮ ስብሰባው ላይ መስማቴን ለመግለጽ «ኦኬ» ከማለት በቀር የገባሁት ቃል የለም። ጊዜው እንደማይበቃኝ ባውቅም በሰው ፊት አይሆንም ማለት ከበደኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ወቀሳው እንዴት እንዳሳዘነዎ ይገባኛል፤ የዋሹት ነገር የለምና። በአፍዎ «ኦኬ» ቢሉም በልብዎ የነበረው የእኛው «እሺ» ነው። «እሺ» በእኛ ዘንድ ሰማሁ፣ አከበርኩ፣ ይቀጥሉ ማለትም ነው፤ «እሺ፣ እስቲ እናያለን» ያለንን ሰው እንኳ እንቢታውን በትሕትና እንደነገረን ከድምፁ እንረዳለን። አለቃዎ ግን የሰማችው ቃሉን ብቻ ነው። አሜሪካዊው የአንትሮፖሎጂ ምሁር ኤድዋርድ ሆል እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ሥራው፣ ጀርመኖችን ከሁኔታው ይልቅ በግልጽ በተነገረው ቃል ላይ ከሚመረኮዙት ወገን መድቧቸዋል። እንዲህ ያለው ምደባ ብዙ ሰው በአንድ ቋት ስለሚከት በጥንቃቄ ሊያዝ ይገባል፤ ለእርስዎ ጉዳይ ግን ፍንጭ ይሰጣል። ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ስበን «አዎን» የምንልበት ልማዳችን እንኳ ለማያውቀው ሰው ድንጋጤ ይመስለዋል።

ስለዚህ ከ«ኦኬ» በኋላ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ፦ «ሥራው ገብቶኛል፤ የማደርሰው ግን ሐሙስ ነው» ይበሉ። ይህ በእነርሱ ዘንድ ድፍረት አይደለም። በስብሰባ መካከል መናገሩ ቢከብድዎ፣ ስብሰባው እንዳበቃ ወዲያውኑ ይጻፉላት። ሰዓት ሲጠቅሱም የማንን አቆጣጠር እንደሚከተሉ ይግለጹ፤ የእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት በጀርመን በክረምታቸው 13፣ በበጋቸው ደግሞ 14 ሰዓት ነውና።

ሸክሙን ሁሉ ግን እርስዎ ብቻ አይሸከሙት። የ«እሺ»ን ነገር ለአለቃዎ በግልጽ ያስረዷት፤ «ታደርሺያለሽ ወይ?» ከማለት ይልቅ «መቼ ታደርሻለሽ?» ብላ እንድትጠይቅዎም ይንገሯት። ለመጀመሪያው ጥያቄ «እሺ» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ለሁለተኛው ግን ቀኑን መናገር ግድ ይሆናል።