"አስተማሪ ቅጣት" ለምትሉኝ ልጆቼ

ልጆቼ፣

ጡረታ ከወጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ከዚያ በፊት 26 ዓመት በዳኝነት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን በወንጀል ችሎት። አሁን ጠዋት ጠዋት ቡናዬን ይዤ ስልኬን እከፍታለሁ። አንድ አሰቃቂ ግድያ በተሰማ ቁጥር የምትጽፉትን አነባለሁ። "ስቀሉት።" "በአደባባይ ይረሸን።" "አስተማሪ ቅጣት ይሰጠው።" ባሕር ዳር ላይ የተገደለችው የ7 ዓመት ሕፃን ጉዳይ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የወጣ ጊዜ፣ ገዳዩ 25 ዓመት እንደተፈረደበት ሲሰማ አገር ምድሩ "አነሰ" አለ። የሕግ ተማሪ የሆነችው የልጅ ልጄ ደወለችልኝ። "አባባ፣ 25 ዓመት ምንድነው? ይሄ ፍትሕ ነው?" አለችኝ። እያለቀሰች ነበር። በስልክ የሚያልቅ ነገር አልመሰለኝም፤ "ልጻፍልሽ" አልኳት። ለእሷ ብዬ የጀመርኩትን እናንተም አንብቡት።

ቁጣችሁን አልንቀውም። "ቅጣት ለማረም ብቻ ነው፤ የእጁን ይስጡት ማለት ኋላ ቀርነት ነው" የሚሉ የተማሩ ሰዎች አሉ። በየስብሰባው ስሰማቸው ኖሬአለሁ። እኔ ከእነሱ ጋር አይደለሁም። አማርኛችን "ደመ ከልብ" የሚል ቃል አለው። ሰው ተገድሎ ማንም ሳይጠየቅበት ሲቀር፣ ደሙ እንደ ውሻ ደም ፈሶ ቀረ እንላለን። ይህን ቃል ያወጡ ሰዎች የገባቸው ነገር ነበር። ገዳይ እንደ ዋዛ ሲታለፍ ሟች ሁለተኛ ይዋረዳል። ነፍስ ያጠፋ ሰው የሚቀጣው ስላጠፋ ነው። ጎረቤቱ ቢፈራ፣ እሱም ቢታረም እሰየው፤ ግን ያ ተከትሎ የሚመጣ ነው።

"አስተማሪ ቅጣት" ከሚለው ቃል ጋር የምጣላውም እዚህ ላይ ነው። ዐቃቤ ሕጎች በቅጣት አስተያየታቸው ሁሉ ይሉታል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ገና በአንቀጽ 1 ላይ ቅጣቱ ለሌሎች መማሪያ እንዲሆን ይፈልጋል። እኔም በፍርዴ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ። አንድ መዝገብ ግን እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል። የቅጣት አወሳሰን መመሪያው በ2002 ዓ.ም. ከመውጣቱ በፊት ነው። ሁለት ጓደኛሞች ጠጅ ቤት ተጣሉ፤ አንዱ ሌላውን በቢላ ወግቶ ገደለው። በዚያ ሰሞን ከተማው ውስጥ በቢላ መወጋጋት በዝቶ ነበር። ለቅጣት ስንመካከር ሦስታችንም ዳኞች 14 ዓመት እንደሚገባው ተስማማን። ከዚያ አንዱ ባልደረባችን "ከተማው ታምሷል፣ ጠንከር እናድርገው" አለ። እኔም እሺ አልኩ። 18 ፈረድን።

እነዚያ አራት ዓመታት የማን ነበሩ? ልጁ የሠራው የ14 ዓመቱን ነው። አራቱን ስማቸውን እንኳ የማናውቃቸው የሰፈር ጎረምሶች ሠሩ፤ እሱ ታሰረላቸው። ሰውን በሥራው ልክ መቅጣት ጭካኔ የሚመስላችሁ ካላችሁ ይህን አስቡ። "በሠራው ልክ" የሚለው ሐሳብ ጣሪያም ነው። ጣሪያው ሲነሳ ሰውዬው የሌሎች ማስፈራሪያ እንጨት ይሆናል።

ስለ ልክ ከተነሳ፣ አባቴ የሚነግሩን አንድ የድሮ ወግ ነበር። አንድ ልጅ ዛፍ ላይ ወጥቶ ሲጫወት አመለጠውና ከሥር የቆመው ጓደኛው ላይ ወደቀ። ከሥር ያለው ሞተ። የሟች እናት የልጄን ደም ብላ ዳኛ ፊት ቀረበች። ካሳ ቢሰጧት፣ ቢለምኗት እምቢ አለች። ዳኛውም "እንግዲያው ይገባሻል። ሌላው ልጅሽ እዛው ዛፍ ላይ ይውጣና ይውደቅበት" አላት። አሰበች፤ ተወችው።

በፍትሐ ነገሥት ዘመን ገዳይ ለሟች ዘመድ ይሰጥ ነበር። ዘመድ ወይ ደሙን ይወስዳል፣ ወይ የደም ዋጋ ይቀበላል። በኋላ መንግሥት "ቅጣት የእኔ ሥራ ነው" ብሎ ተረከበ። ልክ ነበር፤ ወደዚያ መመለስ የሚመኝ ጤነኛ ሰው የለም። ነገር ግን ቂሙን ከዘመድ እጅ ሲወስድ፣ ዘመዱንም አብሮ ከችሎት አስወጣው። አሁን ክሱ የዐቃቤ ሕግና የተከሳሽ ነው። እናት የምትገባው ምስክር ከሆነች ነው። ካልሆነች ከኋላ አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች።

አንዲት እናት እንደዚያ ተቀምጠው ከአንድ ዓመት በላይ ተመላልሰዋል። ከወረዳ ነው የሚመጡት። ሁልጊዜ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ጭናቸው ላይ ያስቀምጡ ነበር። ፍርዱን ያነበብን ዕለት ፈቱት፤ የልጃቸው ሹራብ ነው። እጁ ላይ ክሩ ተተርትሯል። 16 ዓመት ጽኑ እስራት ብዬ ስጨርስ ሴትዮዋ ብድግ አሉ። የችሎት ፖሊሱ ሊያስቀምጣቸው እጁን ዘረጋ። "ጌታዬ፣ ልጄ ግን ምን ብሎ ሞተ?" አሉኝ።

መዝገቡ 140 ገጽ ነበር። የቢላው ርዝመት አለ። የቁስሉ ጥልቀት አለ። ልጁ የተናገረው ነገር ግን የትም አልነበረም። ገዳዩ አምስት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሟል፤ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። አልጠየቅሁትም። "ችሎቱ አብቅቷል" ብዬ ተነሳሁ። እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ የዳኛ ሥራ አልመሰለኝም ነበር።

ካሳውንም ልንገራችሁ፤ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት አይመስለኝም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2116 ለሕሊና ጉዳት የሚከፈል ካሳ ከ1000 ብር እንዳይበልጥ ይላል። ልጅ ለሞተበት ሐዘን 1000 ብር። በዚያ ዘመን ገንዘብ ነበር። ዛሬ ያቺ እናት ለችሎት ለተመላለሱበት የትራንስፖርት እንኳ አይሆንም። ለቅጣት ዓመት ጭማሪ ስትጮኹ ይቺ ቁጥር አንድም ቀን ስትነሳ አልሰማሁም። እባካችሁ አንሷት።

"ታዲያ ዕድሜውን ሙሉ ይታሰር፣ አንጀታችን ይራስ" ትሉኝ ይሆናል። የአንድ ልጅ ነገር ልንገራችሁ። አባቱ ሲገደል አምስት ዓመቱ ነበር። ገዳዩ 20 ዓመት ተፈረደበት፣ ሁለት ሦስተኛውን ጨርሶ በአመክሮ ወጣ። ልጁ ያኔ 19 ሞልቶታል። አጎቱ "አባትህ ደመ ከልብ ነው" እያለ አሳድጎታል። የገበያ ቀን ጠብቆ ሰውዬውን ገደለው። ችሎት ላይ "ሰውዬው ተቀጥቷል እኮ፤ ከ13 ዓመት በላይ ታስሯል" አልኩት። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። "ማን ነገረን? መፈታቱን ያወቅነው ጠላ ቤት ተቀምጦ ስናየው ነው" አለኝ። ያ ሁሉ ዓመት እስር እዚያ ቤት አልደረሰም። ፍርዱን ያስረዳቸው የለም። መፈታቱን የነገራቸው የለም። በአገራችን ወግ ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ "አጥፍቻለሁ" የሚልበት የእርቅ ሥርዓት አለ፤ እሱንም ያስታወሰ የለም። 30 ዓመት ቢታሰር ኖሮ ልጁ 36 ዓመት ሲሞላው ይገድለው ነበር።

ስለ ሞት ቅጣት አላድበሰብስም፤ እቃወመዋለሁ። በሕጋችን አለ፣ ፕሬዚዳንቱ ካላጸደቁት ግን አይፈጸምም፤ በአገራችን ለመጨረሻ ጊዜ የተፈጸመው በ1999 ዓ.ም. ነው። የእኛ መዝገብ በአብዛኛው የሚቆመው በሰው ምስክር ላይ ነው። ሰው ደግሞ ይሳሳታል፣ ይዋሻል፣ ይገዛል። ይህን ለ26 ዓመት በዓይኔ አይቻለሁ። የደርግ ባለሥልጣናትንም አስቡ። የፍርድ ሂደታቸው ከታኅሣሥ 1987 እስከ ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. 12 ዓመት ፈጀ። በግንቦት 2000 ዓ.ም. ሞት ተፈረደባቸው። በ2003 ዓ.ም. የሃይማኖት አባቶች ጠይቀው ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ። በቀይ ሽብር ልጃቸውን ያጡ አንዲት ጎረቤት ነበሩኝ። "ባይሰቀሉም ግድ የለኝም። ግን ይቅር የምለው እኔ ነበርኩ፤ ደጄ የመጣ የለም" ብለውኛል።

እናንተ ነገ ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ጠበቃ፣ ጋዜጠኛ ትሆናላችሁ። እኔ በመጨረሻዎቹ ስድስት ዓመታት ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ሕጉ አስገድዶኝ አይደለም፤ ያቺ የፌስታሏ እናት አላስተኛ ብለውኝ ነው። የጥፋተኝነት ፍርድ ከተሰጠ በኋላ፣ ወደ ቅጣት ከመግባታችን በፊት፣ ወደ ኋላ አግዳሚው እያየሁ "ስለ ሟች የምትነግሩን አለ?" እል ነበር። የሚያለቅሱ አሉ። የሚራገሙ አሉ። አንዳንዴ ዝም ነው።

አንድ ጊዜ አንድ አባት ተነሱ። ረጅም ናቸው፣ ጎንበስ ብለው እግራቸውን አሳዩን። የጎማ ጫማ ነው፣ ጎኑ በሲባጎ ተሰፍቷል። "ይቺን የሰፋልኝ እሱ ነው። አሁን በዚህ በኩል ተፈታለች" አሉ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። ጥፋተኛው ሳጥኑ ውስጥ ቆሞ ጫማውን ያያል። እስከዚያ ቀን ድረስ ቀና ብሎ ወደ ሰዎቹ ሲያይ አላየሁትም። "አባ፣ አጥፍቻለሁ" አለ። ድምፁ በደንብ አልወጣም፤ ጸሐፊዋ እንድትመዘግበው ድገመው አልኩት። ደገመው።

17 ዓመት ፈረድን። አባትየው በበሩ ሲወጡ በለሆሳስ "እግዜር ይስጥልኝ" አሉኝ። በዛም፣ አነሰም አላሉኝም።