መልስ፦ የኤል ቅርጹ ክፍት ጥግ በጎነ ሦስቶች ለምን ይሞላል?

በኤል (L) ቅርጽ ክልል ላይ የፕዋሶንን እኩልዮሽ (እንደ ሙቀት ስርጭት ያሉትን የሚገልጽ የሒሳብ እኩልዮሽ) ለመፍታት በሳይፓይ (በፓይተን የስሌት ቤተ መጻሕፍት) ሜሽ፣ ማለትም ክልሉን ወደ ትንንሽ ጎነ ሦስቶች የሚከፍል መረብ፣ ሲሠሩ የተቆረጠው ጥግ በጎነ ሦስቶች የተሞላብዎት፣ ተራው የዴሎኔ ስሌት (ነጥቦችን በጎነ ሦስቶች የሚያገናኘው ዘዴ) ነጥቦቹን ብቻ ስለሚያይና ድንበሩን ስለማያውቅ ነው፤ በመሆኑም ነጥቦቹን ሁሉ የሚያቅፈውን ኮንቬክስ (ወደ ውስጥ የሚገባ ጥግ የሌለው) ክልል እስከ ዳር ድረስ ይሸፍናል።

ፈጣኑ መፍትሔ የእያንዳንዱን ጎነ ሦስት መካከለኛ ነጥብ አስልቶ ከክልሉ ውጭ የወደቀውን መሰረዝ ነው። ይህ የሚሠራው ግን እያንዳንዱ የድንበር ቁራጭ የአንድ ጎነ ሦስት ጎን ሆኖ ከተገኘ ብቻ ነው፤ ድንበሩን አቋርጦ የሚያልፍ ጎነ ሦስት ካለ ቢሰርዙትም ቢተዉትም ቅርጹ ይበላሻል። ስለዚህ እኔ የምመርጠው የድንበሩን መስመሮች አስገድዶ የሚያስገባ ስሌት ነው።

1. ትሪያንግል (Triangle) ለተባለው ሜሽ ሠሪ ፕሮግራም 6ቱን የማዕዘን ነጥቦችና 6ቱን የድንበር መስመሮች በፖሊ (.poly) ፋይል ይጻፉለት።

2. በ«ፒ» (-p) እና በ«ኪው» (-q) አማራጮች ያስኪዱት። «ፒ» ድንበሩን ያስከብራል፣ ክፍቱንም ጥግ ባዶ ያደርጋል፤ «ኪው» ያለ ቁጥር ሲሰጥ ከ20 ዲግሪ ያነሰ ማዕዘን እንዳይኖር ይጥራል።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። ሜሹ ከተስተካከለ በኋላም የስሌቱ ውጤት ስሕተት ወደ ውስጥ በሚገባው የ270 ዲግሪ ማዕዘን ዙሪያ ይከማቻል፤ የእኩልዮሹ መፍትሔ እዚያ በአብዛኛው ከማዕዘኑ እንዳለው ርቀት 2/3ኛ ኃይል ስለሚለዋወጥ ግራዲየንቱ (የለውጡ ፍጥነት) ወደ ማዕዘኑ ሲጠጉ ያለ ወሰን ያድጋል። ሜሹን በሙሉ እኩል ማድቀቅ፣ ብዙዎች መጀመሪያ የሚሞክሩት ቢሆንም፣ የኮምፒውተር ጊዜ ማባከን ነው፤ ወደዚያ ማዕዘን በተጠጉ ቁጥር ብቻ ጎነ ሦስቶቹን ደረጃ በደረጃ ያሳንሱ።