መልስ፦ ትሩማን ስለ አቶሚክ ቦምቡ ሳያውቅ ነው እንዴ ስልጣን የያዘው?
አዎ ወንድሜ፣ ከሞላ ጎደል አያውቅም ነበር። የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ሩዝቬልት በፈረንጆቹ ኤፕሪል 12 ቀን 1945 ጆርጂያ ውስጥ ዋርም ስፕሪንግስ በድንገት ሲሞት ትሩማን ምክትሉ ከሆነ ገና 82 ቀኑ ነው፣ እንዲህ ያለ ሚስጥር አጠገብ ማን ያስጠጋዋል። የሚገርመው ግን ሴናተር እያለ የጦርነቱን ወጪ የሚመረምር ኮሚቴ ይመራ ስለነበር ብዙ ብር የሚበላ የሆነ ድብቅ ፕሮጀክት እንዳለ ሸትቶት ነበር፣ የጦር ሚኒስትሩ ስቲምሰን ይሄን ነገር ተወው ሲለው ተወው። ቃለ መሃላ የፈፀመ ቀን ማታ ያው ስቲምሰን ጠጋ ብሎ ሹክ አለው፣ ዝርዝሩን የሰማው ግን ኤፕሪል 25 ነው፣ የቦምቡ ፕሮጀክት ኃላፊ ጄኔራል ግሮቭስም ባለበት።

"ቦምቡ እንዲጣል ትሩማን ወሰነ" የሚለው ላይ ግን እኔ ትንሽ ይከብደኛል፣ እጁ ሲገባ እኮ ነገሩ ያለቀለት ነበር። ጁላይ 25 የወጣው ቦምቡን የመጣል ትእዛዝ ራሱ ከመጀመሪያው በኋላ ያሉት ቦምቦች እንደደረሱ ይጣሉ ነው የሚለው፣ ስለዚህ ለናጋሳኪ ሌላ ውሳኔ አላስፈለገም። በግልፅ ጣልቃ ሲገባ የምታየው ኦገስት 10 ነው፣ ያለ እኔ ፈቃድ ሌላ እንዳይጣል ያለው ያኔ ነው።